ባለ ሁለት ባትሪ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ፦ ዕቃ መረጣ፣ ግራውንድ እና 220 ቮልት

#1 እህተ_ዜማ
ሰላም ለሁላችሁ። የቹ ሞይን ንድፍ (ብዙ ሰው የሚሠራው ቀላል የማጉያ ንድፍ ነው) ይዤ በአንድ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ልሠራ ነው። እስካሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ኤንኢ5532፣ ጌይኑ (ድምፁ የሚጎላበት መጠን) እንደ ንድፉ 11 እጥፍ፣ ቮልዩሙ 10 ኪሎ ኦም፣ ሳጥኑ የከረሜላ ቆርቆሮ። ባትሪ ሲያልቅ የራውተር 12 ቮልት አዳፕተር እንድሰካበት የዲሲ መሰኪያም ላደርግለት ነው። ማዳመጫዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ባለ 250 ኦሙ እና ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ፣ 38 ኦም። ድምፁ የሚመጣው ቢበዛ 1 ቮልት ከሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሶልደር ማድረግ እችላለሁ፣ ቴስተርም አለኝ። ገንዘቡን ሳላወጣ ስህተቴን ንገሩኝ።

#2 ባለ_ቴስተር
እህቴ፣ ከማዳመጫዎቹ እንነሳ። አይሲም ባትሪም የሚመረጠው እነሱ የሚጠይቁት ከታወቀ በኋላ ነው።

ዲቲ 770 ባለ 250 ኦሙ በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ይሰጣል። ሙዚቃው ጫፍ ሲደርስ 110 ዴሲቤል ይበቃል ብንል የጎደለው 14 ዴሲቤል ነው፤ ይህም 25 ሚሊዋት ይሆናል። 25 ሚሊዋት በ250 ኦም ላይ ለማውጣት 2.5 ቮልት አርኤምኤስ (ውጤታማው ቮልት)፣ በጫፍ 3.5 ቮልት ያስፈልጋል። ከረንቱ ግን 10 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ኤም50ኤክስ ተቃራኒው ነው፦ በ1 ሚሊዋት 99 ዴሲቤል፣ ለ110 ዴሲቤል 12.6 ሚሊዋት፣ 0.7 ቮልት አርኤምኤስ። ቮልቱ ትንሽ ነው፤ ከረንቱ ግን በጫፍ 26 ሚሊአምፔር ይደርሳል። አንዱ ቮልት ይጠይቃል፣ ሌላው ከረንት።

አሁን ባትሪሽን እይው። አንድ 9 ቮልት ለሁለት ሲከፈል ፕላስ 4.5 እና ማይነስ 4.5 ይሆናል፤ ባትሪው ወደ 7 ሲወርድ 3.5። ኦፕ-አምፕ (እንደ ኤንኢ5532 ያለ የማጉያ አይሲ) ደግሞ እስከ ባትሪው ጫፍ ድረስ አይወጣም። ኦፒኤ2134 የሚባለው አይሲ ለምሳሌ በ600 ኦም ሎድ (ጭነት) ከላይም ከታችም ከ2 ቮልት በላይ ይቀርበታል። ስለዚህ ባትሪው አዲስ ሆኖ እንኳ 2 ቮልት አካባቢ ላይ ድምፁ መቆረጥ ይጀምራል፤ ለዲቲ 770 የሚያስፈልግሽ 3.5 ነው። መፍትሔው ሁለት 9 ቮልት ባትሪ ነው፦ የአንዱ ፕላስ ወደ አይሲው ፕላስ፣ የሌላው ማይነስ ወደ አይሲው ማይነስ፣ የቀሩት ሁለቱ ተያይዘው ግራውንድ (ቮልቱ ሁሉ የሚለካበት የዜሮ ነጥብ)።

ይህ ሌላም ትልቅ ጉዳይ ይፈታል። በአንድ ባትሪ ስትሠሪ ግራውንዱ እውነተኛ ግራውንድ አይደለም፤ ሁለት ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች መሃል ላይ የፈጠሩት ነጥብ ነው። ትንሽ ዲሲ ከረንት ከሳበው ቦታውን ይለቃል፣ ማዳመጫው ላይ የሚመጣው ድምፅም አንድ ጎኑ ቀድሞ ይቆረጣል። የቆርቆሮ ሳጥኑ አደጋ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የድምፅ ጃኩ ብረት የተያያዘው ከመሃሉ ነጥብ ጋር ነው፣ የዲሲ መሰኪያው ብረት ደግሞ ከባትሪው ማይነስ ጋር። ሁለቱም በዳዶ ቆርቆሮው ላይ ሲታሰሩ ሳጥኑ ራሱ ሾርት ያደርጋቸዋል። አዳፕተሩን በተመለከተም እንዲሁ ነው፤ የድምፅ ምንጩና ማጉያው ከአንድ ፓወር ሲበሉ፣ በድምፅ ኬብሉ ግራውንድ በኩል ማይነሱና የመሃሉ ነጥብ ይገናኛሉ። በአንድ ባትሪ የተሠሩ ማጉያዎች "ባትሪ ላይ ይሠራል፣ አዳፕተር ላይ እምቢ ይላል" የሚባሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። የዲሲ መሰኪያውን ተዪው።

ጌይኑ 11 ከሆነ 1 ቮልቱ 11 ይሆናል፤ አይሲው ያን አያወጣውም። ቮልዩሙንም ሁልጊዜ መነሻው አካባቢ ትይዢዋለሽ፣ የርካሽ ድርብ ቮልዩም ግራና ቀኝ በጣም የሚለያዩት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ለአንቺ 2.5 ለ1 ይበቃል፤ 3 አድርጊው። ጌይን ማለት 1 ሲደመር የፊድባኩ (ከመውጫው ወደ ማይነስ መግቢያው የሚመለሰው) ሬዚስተር ሲካፈል ወደ ግራውንድ ለሚሄደው ነው፤ 2 ኪሎ እና 1 ኪሎ 3 ይሰጡሻል።

#3 ኦም_በኦም
ባለ_ቴስተር ያላነሳውን ኤንኢ5532 እኔ ላንሳ። አይሲው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለዚህ ንድፍ ግን አይስማማም። ንድፉ መግቢያው ላይ 100 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አለው፤ ያ የተቀመጠው መግቢያቸው ፌት (ከረንት የማይስብ ያህል የሆነ ትራንዚስተር) ለሆነ አይሲዎች ነው። የኤንኢ5532 መግቢያ ተራ ትራንዚስተር ነው፤ በተለምዶ 200 ናኖአምፔር፣ ቢበዛ 800 ይስባል። 200 ናኖ በ100 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 20 ሚሊቮልት ነው፣ በጌይን 11 መውጫው ላይ 220 ሚሊቮልት ዲሲ። ሙዚቃ ቢኖርም ባይኖርም ያ ዲሲ የማዳመጫውን ኮይል ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይይዘዋል። ኦፒኤ2134 ላይ ያው ከረንት 5 ፒኮአምፔር አካባቢ ነው፤ በ100 ኪሎ ኦም ምንም አይደለም።

ደግሞም የኤንኢ5532 ዝቅተኛ አቅርቦት ፕላስና ማይነስ 5 ቮልት ነው። አንድ 9 ቮልት ባትሪ ገና ከማሸጊያው ሲወጣም ከዚያ በታች ነው።

#4 እህተ_ዜማ
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ሁለት ባትሪ ይሁን። መርካቶ ስጠይቅ ቲኤል072 በቀላሉ ይገኛል አሉኝ፣ ኦፒኤ2134 ግን የለም። ቲኤል072ም መግቢያው ፌት ነው አይደል? ይሆናል?

#5 ኦም_በኦም
መግቢያው ፌት ነው፣ መውጫው ግን ማዳመጫ መግፋት አይችልም። አምራቹ አቅሙን የሚናገረው በ2 ኪሎ ኦም ሎድ ነው፤ 38 ኦም ከዚያ ከ50 ጊዜ በላይ ይከብዳል። ገና በዝቅተኛ ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል። ለሚክሰር መግቢያ፣ ለቶን ኮንትሮል ይግዙት፣ ለዚህ አይሆንም። ኦፒኤ2134 እስኪመጣ ሶኬቱን አስቀምጪና ጠብቂ።

#6 ባለ_ቴስተር
እሺ፣ የሚገዛው ይኸውልሽ፤ ቁጥሩ ለሁለቱም ቻናል ተደምሮ ነው።

ኦፒኤ2134ፒኤ 1፣ ባለ 8 እግር ሶኬት 1። ሬዚስተሮቹ ሜታል ፊልም፣ 1 ፐርሰንት፣ ሩብ ዋት፦ 1 ኪሎ 4፣ 2 ኪሎ 2፣ 100 ኪሎ 2፣ 10 ኪሎ 1 (ለኤልኢዲው)፣ 2.2 ኦም 2። ለመጀመሪያ ሙከራ ብቻ 100 ኦም ግማሽ ዋት 2። ካፓሲተር፦ ለድምፁ መግቢያ 0.22 ማይክሮፋራድ ፊልም 2፤ ሴራሚክ እዚህ ቦታ አታስገቢ፣ ቮልቱ ሲለዋወጥ የሚይዘው መጠንም ይለዋወጣልና ድምፁን ያበላሻል። 100 ፒኮፋራድ 2። ለፓወር 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ 2 እና 220 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት 2። ዳዮድ 1ኤን5817 2፣ ከእያንዳንዱ ባትሪ ጋር በተርታ፤ የባትሪው ክሊፕ በስህተት ተገልብጦ ለቅጽበት ሲነካ አይሲውን የሚያድነው እሱ ነው። ቮልዩም ድርብ 10 ኪሎ ሎግ (መጀመሪያው ላይ በዝግታ የሚጨምር)። ጃክ 3.5 ሚሊሜትር 2፣ ገላቸው ፕላስቲክ የሆነ። ማብሪያው ባለ ሁለት መስመር 1፣ የባትሪ ክሊፕ 2፣ ኤልኢዲ 1።

የማብሪያው ነገር አጥብቀሽ ያዢው። አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ካስገባሽ ስታጠፊ አንዱ ባትሪ ይቆረጣል፣ ሌላው ይቀራል፤ መውጫው በዚያው ወደቀረው ጎን ይሄዳል፣ ማዳመጫው ዲሲ ይጠጣል። ሁለቱም ባትሪ በአንድ ጊዜ መቆረጥ አለባቸው። ሁለቱንም ባትሪ በአንድ ቀን ቀይሪ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ አይሁን። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦብጀክቲቭ 2 የሚባለው ማጉያ ለዚህ ብቻ ራሱን የቻለ ሰርኪት አለው፦ አንዱ ባትሪ ሲዳከም ሁለቱንም ይቆርጣል። እኛ ያን አናስገባም፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በቴስተር ለኪያቸው፤ ከ7 ቮልት በታች የወረደ ይውጣ።

ኤልኢዲውን ከ10 ኪሎው ጋር ከፕላሱ ወደ ማይነሱ አገናኚ፣ ወደ ግራውንድ አይደለም። 1.6 ሚሊአምፔር ይወስዳል፣ ሁለቱን ባትሪዎች እኩል ይበላል። አይሲው 8 ሚሊአምፔር፣ ሙዚቃው ጥቂት ሲጨምር፣ በአልካላይን ባትሪ ወደ 40 ሰዓት ትጠቀሚያለሽ።

ቮልዩሙ ላይ "ኤ10ኬ" የሚል ጽሑፍ በእስያ ዕቃዎች ሎግ ማለት ነው፣ "ቢ" ሊኒየር (እኩል የሚጨምር)። በድሮ የአውሮፓ ዕቃ ላይ ግን ተገልብጦ ይገኛል፤ ስለዚህ ፊደሉን አትመኚ፣ ለኪ። መሃል ላይ አቁመሽ ከመነሻው እግር እስከ መሃለኛው ስትለኪ 5 ኪሎ አካባቢ ካሳየ ሊኒየር ነው፤ 1 ወይም 1.5 ኪሎ ካሳየ የምትፈልጊው ሎግ እሱ ነው።

#7 ሲልቨር_ስፕሪንግ
ከዚህ ማዶ ሆኖ ዕቃ ለሚልክ ሰው ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ኦፒኤ2134 በጣም ይጭበረበራል። በአምስት አምስት ታሽጎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሌላ አይሲ ተፍቆ በላዩ የታተመበት ነው። ከማውዘር ወይም ከዲጂ-ኪ (የታወቁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች) የመጣ ከሆነ ስጋት የለም። ከሌላ ቦታ ከሆነ ማዳመጫ ሳይነካው እንዲህ ይፈተሻል፦ መውጫውን ከማይነስ መግቢያው ጋር አገናኙ (ፒን ማለት የአይሲው እግር ነው፤ ፒን 1 ከፒን 2)፣ ከፕላስ መግቢያው (ፒን 3) ወደ ግራውንድ 1 ሜጋ ኦም፣ በላዩም 10 ናኖፋራድ። አይሲው ውስጥ ሁለት ማጉያ አለና ሁለተኛውን ግማሽ አትርሱት፤ ፒን 7ን ከፒን 6 ጋር፣ ፒን 5ን ወደ ግራውንድ። አብሩና ፒን 1ን በዲሲ ለኩ። እውነተኛው ከጥቂት ሚሊቮልት አይበልጥም። ማይነስ 0.2 ቮልት አካባቢ ካያችሁ ኤንኢ5532ን የመሰለ ነው፤ ከረንቱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ማይነስ ይሆናል። ወደ ፕላስ በአሥር ቤት ሚሊቮልት ከወጣ የ4558 (ሌላ ተራ አይሲ) ዘር ነው። ቲኤል072 ግን ይህን ፈተና ያልፋል፣ ፌት ነውና። እሱ የሚያዘው በፓወር ከረንቱ ነው፤ ኦፒኤ2134 ሁለቱ ተደምረው 8 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲበላ ቲኤል072 3 አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ለወደፊቱ በአዳፕተር የሚሠራ ለምታስቡ፦ ከአሜሪካ ባለ ትራንስፎርመር አዳፕተር አታስልኩ። "ከ100 እስከ 240" የሚለው ጽሑፍ ያለው ዲሲ የሚያወጡት ስዊችንግ አዳፕተሮች ላይ ነው። ኤሲ የሚያወጣ አዳፕተር ውስጡ ተራ ትራንስፎርመር ስለሆነ የተሠራለትን ቮልት ብቻ ያውቃል። ለ120 የተሠራ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከመቃጠሉ በፊትም በእጥፍ የሚጠጋ ቮልት ወደ ሰርኪቱ ይልካል።

#8 ትራንስፎርመር_220
ጥያቄ ልጨምር። ባትሪ በየጊዜው መግዛት የማይመቸው ሰው ትራንስፎርመሩን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ከግድግዳ ቢያገናኝስ? 15-0-15 ትራንስፎርመር (መሃሉ ዜሮ፣ ሁለቱ ጫፎች 15 ቮልት) ይገኛል፣ ሳጥኑም ላሜራ ነው። 7812 እና 7912 (ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት አረጋግተው የሚያወጡ ሬጉሌተሮች) ካስገባን ፓወሩ ንጹሕ ይሆናል።

#9 ባለ_ፊውዝ
ይቻላል፤ ግን ሳጥኑ ውስጥ 220 ቮልት ከገባ በኋላ ማጉያው ጆሮ ላይ የሚታሰር ዕቃ መሆኑን አትርሳ ወንድሜ። የማዳመጫው ግራውንድ ከሳጥኑ ጋር ነው፤ ፌዙ ሳጥኑን ከነካ ጭንቅላት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ቤትህ ውስጥ ኧርዝ አለ ወይ የሚል ነው። ሶኬቱ የኧርዝ ክንፍ ስላለው ብቻ ከኋላው ሽቦ አለ ማለት አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ይለካልህ። ከሌለ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ትራንስፎርመር አታስገባ፤ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ካለ ደግሞ እንዲህ ነው። የመግቢያ ሶኬቱ ፊውዝ አብሮት ያለው ይሁን። ኧርዙ ቢጫ-አረንጓዴ ሽቦ፣ ለራሱ ብቻ በተበሳ ብሎን፤ የትራንስፎርመሩን ማሰሪያ ብሎን አትጋራበት፣ ትራንስፎርመሩ የተነሣ ቀን ኧርዙም ይነሣልና። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብረቱን አውጣ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ከላዩ ሁለተኛ ዳዶ። ከስፒናው ኧርዝ እስከ ሳጥኑ በቴስተር ስትለካ የቴስተሩን ገመዶች ኦም ቀንሰህ ከግማሽ ኦም በታች መሆን አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ቀለሙ አልተፋቀም ወይም ብሎኑ ላልቷል።

የኛ ስፒና ተገልብጦም ይገባል፤ ዛሬ ፌዝ የሆነው ነገ ኑትራል ነው። ስለዚህ ማብሪያው ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ይሁን። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ማብሪያ አይታመንም፣ ስፒናው ይነቀላል። ለ15 ቮልትአምፔር ትራንስፎርመር ፊውዙ 160 ሚሊአምፔር፣ ዘግይቶ የሚቆረጠው ዓይነት ነው። ፈጣኑን ካስገባህ ትራንስፎርመሩ ሲበራ በሚስበው ከረንት ብቻ ይሄዳል፤ ያኔ ሰው ተናዶ 2 አምፔር ያስገባና ፊውዙን ከንቱ ያደርገዋል። የ220ው መጋጠሚያ ሁሉ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን። ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃልና ሳጥን ውስጥ አይታመንም። የ220 ሽቦና የድምፅ ሽቦ በአንድ ጥቅል አይታሰሩ፤ በፒሲቢ ላይም መካከላቸው 8 ሚሊሜትር ይቅር።

ትራንስፎርመሩ በመግቢያው ሁለት 115 ቮልት ጥቅል ካለው ለ220 በተርታ ነው የሚገናኙት። ጎን ለጎን ካገናኘሃቸው የ120 አገር ግንኙነት ነው፣ ወዲያው ይግላል።

መጀመሪያ ስታበራ ባለ ክር 40 ዋት አምፖል በተርታ አስገባ። ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፤ ንቀል፣ ፈልግ።

#10 ኦም_በኦም
ጋሼ ባለ_ፊውዝ የጻፉትን እየደገፍኩ፣ ከዚህ የቀለለ መንገድ እንዳለም ልጠቁም፦ ኤሲ የሚያወጣ፣ የታሸገ የግድግዳ አዳፕተር። 220ው ሳጥንህ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ኦብጀክቲቭ 2ም የተሠራው እንዲህ ነው። ከአንድ ኤሲ ሽቦ በሁለት ዳዮድ ፕላሱንም ማይነሱንም ታወጣለህ፤ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ ካፓሲተሩ በ50 ኸርዝ የሚሞላው በየ20 ሚሊሴኮንዱ ነው። 50 ሚሊአምፔር ለ20 ሚሊሴኮንድ ከ2200 ማይክሮፋራድ ሲወጣ 0.45 ቮልት ይወርዳል፤ ከ470 ቢሆን 2.1። ስለዚህ 2200 አስገባ።

አዳፕተሩ ስንት ቮልት ይሁን? ብዙ ሰው 12 ይላል። 12 ኤሲ በጫፉ 17 ነው፣ ዳዮዱ ወስዶ 16.3። 7812 ደግሞ ከ14 በላይ ይፈልጋል። መብራቱ 220 እያለ ይበቃል። መስመሩ 180 ሲደርስ ግን 12ቱ 9.8 ይሆናል፣ ካፓሲተሩ ላይ 13.2። ሬጉሌተሩ ከመሥራት ይወጣና የ50 ኸርዙ ሁምታ በቀጥታ ያልፋል። "ማታ ማታ ይጮኻል" የሚባለው ማጉያ ሰርኪቱ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ቮልቱ ወርዶ ነው። 15 ቮልት አዳፕተር በ180ም 16.6 ይሰጣል። በሌላ በኩል መስመሩ 250 ሲሆንና ሎድ በሌለበት 30 ቮልት ሊጠጋ ስለሚችል ካፓሲተሮቹ 50 ቮልት ይሁኑ፤ ሬጉሌተሩ ራሱ ወሰኑ 35 ነው።

ብዙ ሰው የሚያቃጥለው እግሮቹን ነው። 7812 ከግራ፦ መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ። 7912፦ ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ። የጀርባው ብረትም ይለያያል፤ በ7812 ግራውንድ ነው፣ በ7912 ግን መግቢያው፣ ማለትም ያልተስተካከለው ማይነስ። ሁለቱን በአንድ ላሜራ ላይ ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን) ካሰርክ ማይነሱን ከግራውንድ ጋር ሾርት አደረግከው።

#11 እህተ_ዜማ
እኔ በባትሪው ጸናሁ። ዕቃው ተሟልቷል፣ አይሲውም በ1 ሜጋ ኦሙ ፈተና 0.6 ሚሊቮልት አሳይቷል። አሁን የሽቦ አገናኘቱን ብታስተካክሉልኝ፤ በተለይ ግራውንዱ የት የት ይገናኝ?

#12 ባለ_ቴስተር
አንድ ነጥብ ምረጪ፤ ሁለቱ ባትሪዎች የሚገናኙበት፣ ሁለቱ 220 ማይክሮፋራዶች አጠገብ። የመግቢያ ጃኩ ግራውንድ በቮልዩሙ አልፎ ወደዚያ ይምጣ። የመውጫ ጃኩ ግራውንድ በራሱ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደዚያ ይምጣ። የሁለቱ 1 ኪሎ ፊድባክ ሬዚስተሮች ግራውንድም እንዲሁ። የማዳመጫው ከረንት የሚመለስበትን ሽቦ መግቢያው እንዳይጋራው ነው ይህ ሁሉ። 0.1 ኦም ብቻ ቢጋሩ እንኳ በ32 ኦም ማዳመጫ የግራው ድምፅ ወደ ቀኙ በማይነስ 50 ዴሲቤል ይፈስሳል፤ 0.1 ኦም ደግሞ አንድ ደካማ ጃክ ወይም አንድ ቀጭን ሽቦ ነው።

የድምፁ መንገድ፦ ጃክ፣ ቮልዩም፣ 0.22 ማይክሮፋራድ፣ 100 ኪሎ ወደ ግራውንድ፣ 1 ኪሎ በተርታ፣ የአይሲው ፒን 3 (ቀኙ ፒን 5)። 100 ፒኮው ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ፤ ስልክ አጠገቡ ሲሆን የሚሰማውን "ጥርርር" የሚያጠፋው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ። 0.22ው ከቮልዩሙ በፊት ከገባ የሚያየው 10 ኪሎ ነው፣ ከ72 ኸርዝ በታች ያለው ባስ ይሸሻል። በቦታው ሲሆን ግን መቁረጫው 7 ኸርዝ ነው።

100 ናኖፋራዶቹን ሶኬቱ ሥር፣ ከፒን 8 እና ከፒን 4 በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ። ከራቁ አይሲው በራሱ መርገብገብ ይጀምራል፤ ጆሮ አይሰማውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። በ18 ቮልት 8 ሚሊአምፔር ለብ ከማለት አያልፍም፤ ካቃጠለሽ አጥፊ። 2.2 ኦሙ ከመውጫው ፒን በኋላ፣ ወደ ጃኩ ከመሄዱ በፊት። ከ4.7 አታሳልፊው፤ የማጉያው መውጫ ኦም ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ሲበልጥ የኤም50ኤክስ ድምፅ ይቀየራል።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ማይነስ ነው። ታንታለም ላይ ያለው መስመር ፕላስ ነው። ሶልደሩ ውስጡ ሮዚን ያለው 60/40፣ ሙቀቱ ከ320 እስከ 350፤ የቧንቧ ሠራተኛ አሲድ ፈጽሞ አይነካው። የቮልዩሙን ገላ በአንድ ሽቦ ወደ ግራውንድ አውጪ፣ አለበለዚያ ስትነኪው ሁም ይላል።

አበራሩ፦ አይሲ ሳይገባ። ሁለቱን 100 ኦሞች ከባትሪዎቹ ጋር በተርታ አስገቢ። አብሪ፤ 100 ኦሙ ላይ 0.16 ቮልት፣ የኤልኢዲው ነው። ፒን 8 ወደ ፕላስ 9፣ ፒን 4 ወደ ማይነስ 9፣ ሌሎቹ ፒኖች ዜሮ። አጥፊ፣ አይሲውን ጥርሱን (የፒን 1 ጎን ምልክቱን) አይተሽ አስገቢ፣ አብሪ። አሁን 100 ኦሙ ላይ 1 ቮልት አካባቢ ይነበባል፣ 10 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ከ2 ካለፈ ወዲያው አጥፊ። ከዚያ ፒን 1 እና ፒን 7 ከግራውንድ፤ ከ10 ሚሊቮልት በታች። ማዳመጫ ገና አይሰካም።

#13 እህተ_ዜማ
ሁለቱም 100 ኦም ላይ መጀመሪያ 1.0 ቮልት ነበር። ፒን 1፦ 0.7 ሚሊቮልት። ፒን 7 ግን ሲበራ ዜሮ አካባቢ ሆኖ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ወርዶ ማይነስ 7.8 ቮልት ላይ ቆመ። አይሲው አልጋለም። አጥፍቼዋለሁ።

#14 ኦም_በኦም
ቀስ ብሎ መውረዱ ራሱ መልሱን ይነግርሻል። ፊድባኩ ተቆርጦ ቢሆን አብርተሽ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ጫፍ ላይ ይገኝ ነበር። ቀስ ብሎ የሚሸሽ መውጫ መግቢያው አየር ላይ የተንጠለጠለ ፌት ነው፦ ያቺ ጥቂት ፒኮአምፔር 100 ፒኮፋራዱን ቀስ በቀስ ትሞላዋለች።

ለማረጋገጥ አብሪና ፒን 6ን ለኪ። ማይነስ 2.6 ከሆነ የ7.8 ሲሶ ነውና ፊድባኩ ደህና ነው። ዜሮ ከሆነ 2 ኪሎው አልተያያዘም። ቀጥሎ ፒን 5ን በቴስተሩ ጫፍ ነክተሽ ሌላ ሰው ፒን 7ን ይመልከት፤ ሲነካ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቴስተሩ ራሱ የጎደለውን መንገድ ወደ ግራውንድ ሰጥቶታል። ያኔ ጥፋቱ የቀኙ 1 ኪሎ በተርታ ያለው ሬዚስተር ነው፣ ከሁለቱ ጫፍ በአንዱ።

#15 እህተ_ዜማ
ፒን 6 ማይነስ 2.6። ፒን 5 ሲነካ ፒን 7 ወደ ዜሮ ተመለሰ። የ1 ኪሎው አንድ እግር ሶልደሩ ከብቦታል እንጂ አልያዘውም ነበር፤ በድጋሚ አሞቅሁት። አሁን ግራው 0.7፣ ቀኙ 1.1 ሚሊቮልት፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ አልተንቀሳቀሰም።

#16 ባለ_ቴስተር
ጥሩ ነው። አሁን 33 ኦም ሬዚስተር በእያንዳንዱ መውጫ ላይ አድርገሽ ሙዚቃ አጫውቺ፣ ለአፍታ አቁመሽ ዲሲውን እንደገና ለኪ። ካልተቀየረ ቀጥሎ ርካሽ ማዳመጫ፣ ከዚያ ዲቲ 770። ሁልጊዜ መጀመሪያ ማጉያው ይበራል፣ ከዚያ ማዳመጫው ይሰካል፤ ስታጠፊ ተቃራኒው፣ የማብሪያው ምት ጆሮሽ ላይ እንዳይመታ። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ጃኩ ሲገባ ጫፉ ለቅጽበት ከግራውንዱ ጋር ይነካካል።

ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን 100 ኦሞች አውጥተሽ በሽቦ ተኪያቸው። እነሱ እያሉ ኤም50ኤክስ 26 ሚሊአምፔር ሲስብ እያንዳንዳቸው ላይ 2.6 ቮልት ይጠፋል፣ ከሁለቱም ቻናል ከሆነ እጥፉ፤ ባሱ ሲመታ ድምፁ ይቆረጣል፣ አንቺም ጥፋቱን አይሲው ላይ ትፈልጊያለሽ።